ነጋዴ በጓንዡ ከተማ ሊያየውና ሊቀምሰው ስለሚገባው

ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ ዕቃ ለመግዛት ወይም ገዢ ለመፈለግ በቀድሞ ስሟ ካንቶን ወደምትባለው የቻይና ከተማ ወደ ጓንዡ ይጓዛሉ። ዳሩ ግን አብዛኛው መንገደኛ ከሆቴል ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘንም ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሲመላለስ ሰንብቶ፥ ከተማዪቱን ሳያይ፥ ከሰዎቿም ጋራ ማዕድ ሳይቈርስ ይመለሳል። ከተማ መጐብኘትና ከወዳጅ ጋራ መመገብ የሥራ ፈት ልማድ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህ ራሱ የንግድ ሥራ ክፍል ነው እንላለን።

በመጀመሪያ፥ ጓንዡ ለነጋዴ ትምህርት የምትሰጥ ከተማ ናት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1983 በተገኘው የናንዩዌ ንጉሥ መቃብር ውስጥ የፋርስን የእጅ ሥራ የሚመስል የብር ሣጥንና የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ተገኝቷል፤ ንጉሡ ከሞተ ከ2,100 ዓመት በላይ ነው። ከ1757 እስከ 1842 ድረስ የምዕራብ ነጋዴዎች ከቻይና ጋራ በባሕር እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በዚህች ወደብ ብቻ ነበር። ከ1957 ጀምሮም ታላቁ የካንቶን የንግድ ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በጸደይና በመኸር፥ ይካሄድባታል። ትርኢቱ በሦስት ክፍል ተከፍሎ በየመካከሉ ጥቂት ቀን ስለሚያርፍ፥ ጊዜ አጣሁ ለማለት አይመችም።

አስመጪው ቤይጂንግ ሉ በሚባለው የእግረኞች መንገድ ቢዘዋወር፥ የአገሩ ሰው ለራሱ የሚገዛው ዕቃ ምን ዐይነት እንደ ሆነና በምን ዋጋ እንደሚሸጥ በዐይኑ ያያል። ይህን ያየ ሰው፥ ለውጭ አገር ተብሎ የተዘጋጀ ደካማ ዕቃ ሲቀርብለት የተሻለውን ለይቶ ለመጠየቅ ይችላል።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። የጓንዡ ሰዎች ያም ቻ፥ ማለትም ሻይ መጠጣት፥ በሚሉት የጧት ማዕድ ላይ፥ በእንፋሎት የበሰሉ ልዩ ልዩ ምግቦች በትንንሽ የቀርከሃ ሙዳይ እየሆኑ ይቀርባሉ። ሁሉም ከሁሉ እየቀመሰ ስለሚበላ፥ ለብቻ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቀምሶ ይጠግባል፤ አራት አምስት ባልንጀሮች ግን ገበታውን በሙሉ ያዳርሱታል። ከአንድ መሶብ መብላት ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሻይ የተቀዳለትም ሰው ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ በማድረግ ያመሰግናል። ይህን የሚያውቅ እንግዳ አስተናጋጁን ደስ ያሰኛል።

ከዚያ ማዕድ ላይ በሰሊጥ ተለብጦ በዘይት የተጠበሰ፥ እንደ ኳስ ክብ የሆነ የሩዝ ዱቄት ምግብ አለ። ቻይና የሰሊጣችን ትልቅ ገዢ ናት፤ ነገር ግን ሰሊጥ በገዢው አገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያየ ላኪ ስንት ነው? ፍሬው ከላይ ሆኖ ስለሚታይ፥ ጠጠር ወይም ጕድፍ ቢገኝበት ነውሩ ግልጥ ነው። ይህን የቀመሰ ላኪ፥ ገዢው ስለ ንጽሕና ሲያማርር ዋጋ ለማስቀነስ ነው ብሎ አያልፈውም።

አንዳንዶች በጾምና በአሳማ ሥጋ ምክንያት ግብዣን ይሸሻሉ። ሃይማኖትን መጠበቅ የሚያስከብር ነው፤ መፍትሔው ግን ቀርቶ መቅረት ሳይሆን አስቀድሞ መንገር ነው። በከተማዪቱ የቡድሃን ሥርዓት ተከትለው ከሥጋ የተለየ ምግብ የሚያዘጋጁ ቤቶች አሉ፤ ጥንታዊው የኋይሼንግ መስጊድ በሚገኝባት በዚህች ከተማ የሙስሊሞች ምግብ ቤቶችም አይታጡም። ሳይናገሩ መቅረት ጋባዡን እንደ መናቅ ሊቈጠር ይችላል፤ የተናገረውን ግን ማንም አይቀየመውም።

ስለዚህ ንግድ ምክር ቤቶች ለሚጓዙ አባሎቻቸው፥ የማይበሉት ምግብ በቻይንኛ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ቢያዘጋጁላቸው ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ነጋዴዎቻችንም በጕዟቸው መካከል አንድ ቀን ለከተማዪቱ ይመድቡ፤ ሦስት አራት ሆነውም ደንበኞቻቸውን ለማዕድ ይጋብዙ። ገዢው በተራው ወደ እኛ ሲመጣ በሆቴል ትተነው አንሂድ፤ የሚገዛው ቡና ፊቱ ተቈልቶ፥ ተወቅጦና ተፈልቶ ከቤተ ሰባችን ጋራ ይጠጣ። ዕቃ ሲዘገይ ወይም ገንዘብ ሲጓደል ነገሩ በክርክር ወይም በመግባባት የሚያልቀው፥ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው በመተዋወቃቸው መጠን ነው።