ቦሎ ፍሬን አይሆንም!

ከአሰላ ወደ አዳማ ስትወርዱ፣ ጎንዴን አልፋችሁ ኢተያ ሳትደርሱ የፍሬን ፔዳሉ ወለል ቢነካ ምን ታደርጋላችሁ? በእኔ ደርሷል። ማርሹን ወደ ሁለት መልሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ አንድ የፈረስ ጋሪ ጀርባ ደርሼ ቆምኩ። ባለጋሪው ዞር ብሎ «ወንድሜ፣ ልትገፋልኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ልስቅ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

መኪናዬ በዕድሜ የምትበልጠኝ ዲኤክስ ኮሮላ ነች። አደጋው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ምርመራ አልፋ» ቦሎ ተለጥፎላታል። መርማሪው መብራቷን አየ፣ ጥሩምባዋን ነፋ፣ እሳት ማጥፊያዋን ጠየቀ። ፍሬኗን ግን ማን አያት!

አሰላ አስጎትቼ መለስኳትና ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሳኋት። (ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ግንድ ወይም ጠንካራ ብረት ሳትደግፉ ከሥሯ እንዳትገቡ።) የኋላውን ታምቡር ስከፍት ሸራው በፍሬን ዘይት ርሶ አገኘሁት። «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ከወር በፊት የገዛሁት ጎሚኒ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ አብጧል። ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት ዓይነት ነገር ከገባ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ያፈሳል። በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ፍሬን ዘይት ተብሎ የተሸጠልኝ ምን እንደነበር ገምቱ። ትክክለኛው ዘይት እንኳ ሲቆይ እርጥበት ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላና እግራችሁ እንፋሎት ይረግጣል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፣ አዳማ 1,700 ገደማ። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

የኋላው ሞላ አንዱ ተሰብሯል፣ አሞርዛተሩም ዘይቱን ጨርሷል። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሞላው ሲደክም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሸጉጬበት ስነዳ ከርሜያለሁ። ኋላዋ እየዘለለ መሬት የሚለቅ መኪና ፍሬን ቢይዝም አይቆምም፣ ይንሸራተታል እንጂ።

ታዲያ ለምን ራስህ ትፈታታለህ ትሉኝ ይሆናል። ለጋራዥ የሚከፈለው ለመለዋወጫው አለቀ! አሮጌዋን ጥለህ ሌላ ግዛ እንዳትሉኝ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በኤሌክትሪክ መኪና ጠብ የለኝም። ነገር ግን ቀድመው የገቡት ዲኤክሶችና ላዳዎች በአዋጅ ከመንገድ አይጠፉም፤ ሰው ጭነው የአርሲን ቁልቁለት ይወርዳሉ። አዲሱን የከለከለ መንግሥት የአሮጌውን ፍሬን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም ወይ? ቀረጥ ሲሰበሰብ ጠርሙሱ ይቆጠራል፣ ውስጡ ያለው ግን አይመረመርም። ለቦሎ ሲከፈል ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ጎማ ግን አይፈታም።

የተረፈውን ዘይት ይዤ ወደ ሸጠልኝ ባለሱቅ ሄድኩ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ነበር፤ ጠርሙሱን ተቀብሎ አሸተተው፣ ጣቱ ላይ አድርጎ አሸው።

«ወንድሜ፣ እኔም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገዝቼ ነው ያመጣሁት» አለኝ። «እኔ ራሴ የምነዳው በዚሁ ነው።»