ስሙን ከፍለው የሚያውቁት ሆቴል

«ለመሆኑ አንተ ስሙን ሳትጠይቅ ነው እናትህን ሰው ቤት የምትልከው?»

እንዲህ ያለችኝ እናቴ ናት። ከአሜሪካ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤን ግን ከነከነኝ። ምክንያቱም እናቴ በቀልድ የጠየቀችኝ ጥያቄ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እያለን የዜና አጻጻፍ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ከጻፏቸው ስድስት ጥያቄዎች የመጀመሪያው ነው፤ ማን?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እህቴ የምትኖረው በኦሃዮ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ ነው። ስትወልድ እናቴ ልታርሳት ሄዳ አምስት ወር ቆየች። መመለሻዋ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሆነ። አውሮፕላኗ የሚነሳው ደግሞ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ አየር ማረፊያ ነው። ከኮለምበስ እስከዚያ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ስለዚህ ሁለት ቀን ቀድመው ሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን አጎቴን ሊጠይቁ፣ እናቴም «ዋይት ሃውስን በዓይኔ ሳላይ አልመለስም» ስላለች እሱንም ሊያዩ ተወሰነ። የአጎቴ ቤት ደግሞ እሱንና ቤተሰቡን ራሱ በጭንቅ የያዘ ነው። ሆቴል ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሆቴሉን የመፈለጉን ሥራ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እህቴ ጨቅላ ይዛለች፤ እኔ ደግሞ ስልኬን ስጎረጉር የማመሽ ሰው ነኝ። ስጎረጉር አንድ ድረ ገጽ አገኘሁ። ባለ ሦስት ተኩል ኮከብ ሆቴል፣ መሀል ዋሽንግተን፣ ለአንድ ሌሊት 96 ዶላር። በዚያው ሰፈር ስማቸው የተጻፈ ባለ ሦስት ተኩል ኮከብ ሆቴሎች 150 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፤ የርካሹ ሆቴል ስም አልተጻፈም። ስሙ የሚነገረው ከተከፈለ በኋላ ነው። ከተከፈለ በኋላ ደግሞ መሰረዝ የለም፤ ገንዘብም አይመለስም። «አሪፍ ነው፣ ያዢው በቃ» አልኳት። ሐሳቡ የኔ፣ ካርዱ የእሷ።

ለመሆኑ ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ይህን ዓይነት ሽያጭ ፈረንጆቹ «ኦፔክ» ይሉታል፤ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ውስጡ የማይታይ እንደማለት ነው። በሰፊው ያስተዋወቀው ፕራይስላይን ነው። ጄይ ዎከር የተባለ አሜሪካዊ የመሠረተው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 «ዋጋዎን እርስዎ ይናገሩ» ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሸጠው የአውሮፕላን ቲኬት ነበር፤ የሆቴል ክፍል ተከተለ። በማስታወቂያው ላይ ይታይ የነበረው በ«ስታር ትሬክ» የሚታወቀው ተዋናይ ዊሊያም ሻትነር ነው።

አሠራሩ መርካቶን ያስታውሳል፤ ግን የተገለበጠ መርካቶ ነው። መርካቶ ዋጋ የሚጠራው ሻጩ ነው። እኛ ጨርቁን እንዳስሳለን፣ «ቀንስ» እንላለን፣ እንቢ ሲል ሄድን ብለን ጥቂት እንራመዳለን፤ ይጠራናል። በዚያኛው ገበያ ግን ገዢው ሰፈሩንና የኮከቡን ብዛት ይመርጣል፤ ዋጋ ይጠራል፤ የካርዱን ቁጥር ይሰጣል። በጠራው ዋጋ እሺ የሚል ሆቴል ከተገኘ ገንዘቡ ወዲያው ይቆረጣል። ሄድኩ ብሎ ማስፈራራት የለም፤ ጨርቅ መዳሰስም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሆትዋየር የሚባል ሌላ ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ነበሩበት፤ ዛሬ የኤክስፒዲያ ንብረት ነው። ሆትዋየር ገዢውን ዋጋ አያስጠራም። ዋጋውን ራሱ ያሳያል፤ የሚሸፍነው ስሙን ነው። ፕራይስላይንም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ መንገድ ጀመረ፤ ዋጋ ማስጠራቱንም ለአውሮፕላን ቲኬት በ2016፣ ቆይቶም ለሆቴል ተወው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቡኪንግ ዶት ኮም እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፕራይስላይን እ.ኤ.አ. በ2005 ገዛው፤ በ2018 ደግሞ እናት ድርጅቱ ራሱ ስሙን ቡኪንግ ሆልዲንግስ አለ።

ሆቴሉስ ስሙን ለምን ይደብቃል? የሆቴል ክፍል የሚበላሽ ዕቃ ነው። ቲማቲም እንኳ ለነገ ያድራል፤ የዛሬ ሌሊት ክፍል ግን ዛሬ ካልተሸጠ ለዘለዓለም አይሸጥም። ዋሽንግተን ደግሞ የመንግሥት ከተማ ናት። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣ በሥራ ቀናት፣ በጸደይ የቼሪ አበባ ሲፈካ ሆቴሉ ይሞላል፤ ነሐሴ ላይ ምክር ቤቱ ሲበተን ይቀዘቅዛል። ባዶ የሚያድር ክፍል ያለው ሆቴል በ96 ዶላርም ቢሸጥ ይሻለዋል። ነገር ግን «96» ብሎ በአደባባይ ቢለጥፍ 150 የከፈለው ደንበኛ ይቆጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከ96 በላይ አልከፍልም ይላል። ስለዚህ ስሙን ሸፍኖ፣ «የትም ቢሆን ግድ የለኝም» ለሚል ሰው ብቻ ይሸጣል። ስሙን መርጦ የሚመጣው ሙሉውን ይከፍላል፤ የማይመርጠው ቅናሽ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ለኔ ጤናማ ንግድ ነው።

ያን ዕለት ማታ

እነ እናቴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሆቴሉ ንጹሕ ነው። ሰፈሩም የተባለው ሰፈር ነው፤ ኮከቡም አልጎደለም። ውሸት የለም። ክፍሉ ግን ያለው አንድ አልጋ ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። እህቴ ታጠባለች። ሕፃኑ ደግሞ ገና ሌሊትና ቀን አልለየም። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ አልጋ!

እህቴ ወርዳ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ጠየቀች። የለም፣ ተይዟል። ሌላ ሆቴል ልሂድ ብትል ገንዘቡ አይመለስም። በዚያ ላይ መኪናዋን ለማሳደር በሌሊት 55 ዶላር ተባለች። እናቴ አጠገቧ ቆማ «ወይኔ ልጄን፣ በኔ ምክንያት» ስትል እንግዳ ተቀባይዋ ቀና አለች። የአገር ልጅ ናት። በዋሽንግተን ሆቴሎች የሚሠራ የኛ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ አይገርምም። «እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ» ብላ ወንበር ሰጠቻት፤ ተጣጣፊ አልጋም ያለ ክፍያ አስወጣችላቸው። (ስሟን እናቴ አልጠየቀቻትም። እኔን ግን ስም አልጠየቅህም ትለኛለች!)

ለእህቴ ደግሞ ቀስ ብላ እንዲህ አለቻት፤ «በዚህ መንገድ ለሚመጣ እንግዳ እኛ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ክፍል ነው። ሕፃንና ትልቅ ሰው ይዘሽ ስትመጪ፣ እንደከፈልሽ ስሙን ስታይ እዚያው ደውለሽ አልጋውን ለምኚ። ማታ መጥተሽ ግን ከየት ይመጣል?»

እኔ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሁሉንም በስልክ ሰማሁ። ሒሳቡንም ሠራሁ። በሁለት ሌሊት አተረፍን ያልነው 108 ዶላር ነው፤ ለመኪና ማሳደሪያ የወጣው 110 ዶላር። እርግጥ ስሙ የተጻፈው ሆቴልም መሀል ከተማ ከሆነ ለመኪና ያስከፍላል። ልዩነቱ፣ እሱን ቢሆን አስቀድመን አይተን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ማቆሚያው ነፃ የሆነ ሆቴል መምረጥ እንችል ነበር።

ከዚያ ድረ ገጹን ተመልሼ ከፈትኩት። ምን ልበላችሁ፣ ሁሉም ነገር ተጽፏል! ክፍሉ ለሁለት ሰው መሆኑ፣ የአልጋውን ዓይነት ሆቴሉ እንደሚወስን፣ የመኪና ማሳደሪያ በዋጋው እንደማይጠቃለል። ተጽፏል፤ ግን በደቃቅ ፊደል፣ ከታች፣ ገጹን እስከ መጨረሻ ለሚወርድ ሰው። 96 ዶላሩ ግን ከላይ፣ በቀይ፣ በትልቁ። እኛ በክፍል ውስጥ «የተገለበጠ ፒራሚድ» ስንማር ዋናው ነገር ከላይ ይቀመጣል ተብለናል። እነሱም ከላይ አስቀምጠዋል። ዋናው ነገር የማን ዋና ነገር ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

መደበቅና መዋሸት

ይህን ታሪክ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «ቁማር ነው፣ መከልከል አለበት» አለ። አልስማማም። ቁማር የተበላ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እዚህ ግን ክፍሉ አለ፣ ሰፈሩም አለ፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ሌላዋ ደግሞ «ስም መደበቅ ማለት መዋሸት ነው» አለች። በዚህም አልስማማም። እኛ ራሳችን ስም እንደብቅ የለ እንዴ? «ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ» ብለን እንጽፋለን። ይህ ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱም የደበቅነውን ነገር ደብቀናል ብለን ለአንባቢ ነግረናል። ሆቴሉም ስሜን አልነግርህም ብሎ ነግሮኛል። እሺ ብዬ ገብቻለሁ። በዚህ በኩል ክስ የለኝም።

እንዲያውም ከዚህ የባሰ መደበቅ አለ። ስሙን በትልቁ ጽፎ ዋጋውን የሚደብቅ ሆቴል። በአሜሪካ ብዙ ሆቴሎች ለዓመታት «የአገልግሎት»፣ «የመዝናኛ» እያሉ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚታይ የግዴታ ክፍያ ሲጨምሩ ኖረዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ እ.ኤ.አ. ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሆቴሎችና ሆቴል የሚሸጡ ድረ ገጾች ግዴታ የሆነውን ክፍያ በሙሉ ያጠቃለለ ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ተገደዋል። ጥሩ ነው። ግን የመኪና ማሳደሪያ እንደ ውዴታ ስለሚቆጠር በዚያ ውስጥ አይገባም። ኮለምበስ ድረስ በመኪና የሚመለስ ሰው መኪናውን የት ያሳድራል? ኪሱ ውስጥ?

እንግዲህ የኔ አቋም ይህ ነው፤ ስም ይደበቅ፣ ሁኔታ ግን አይደበቅ። ስሙን መደበቅ የሆቴሉን ገበያ ይጠብቃል፤ እኔም በለውጡ ቅናሽ አገኛለሁ። የአልጋውን ቁጥር በደቃቅ ፊደል መቅበር ግን ለኔ ምንም አይሰጠኝም። ማንም የሆቴሉን ማንነት ከአልጋ ቁጥር አያውቅም። ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚያስተኛ፣ አልጋው የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑ፣ መኪና ስንት እንደሚያስከፍል፣ ገንዘብ እንደማይመለስ፣ እነዚህ አራቱ ከዋጋው ጎን፣ በዋጋው ፊደል ልክ ይጻፉ። ብዙ አልጠየቅሁም።

ጥፋቱ የነሱ ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ይህ መንገድ አንድ ሻንጣ ይዞ ለሚሄድ፣ መኪና ለሌለው፣ የትም ቢተኛ ግድ ለሌለው ሰው ይጠቅማል። እኔ ነገ ዋሽንግተን ብሄድ በዚሁ እይዛለሁ። ትልቅ ሰውና ሕፃን ላለበት ቤተሰብ ግን አይሆንም። እኔ የራሴን ፍላጎት ይዤ ለእናቴ ሆቴል መረጥኩ። 96 የሚለውን አነበብኩ፤ «ለማን?» የሚለውን አልጠየቅኩም።

ይህ ደግሞ የሆቴል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከመካከላችን ስለ ጉዞ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ዋጋ የሚጽፍ ይኖራል። «መሀል ዋሽንግተን በ96 ዶላር» የሚል ርዕስ ለመጻፍ ቀላል ነው፤ አንባቢም ይወደዋል። ከመጻፋችን በፊት ግን ያ አንባቢ ጉልበቷን የሚያማት እናት ብትሆንስ ብለን ብንጠይቅ ምን ይለናል? እኔ አልጠየቅኩም፤ እናቴ ደግሞ ቡና ላይ፣ ጎረቤት በሙሉ እየሰማ፣ ዜሮ ሰጠችኝ። ይገባኛል።

ቸር ይግጠመን።