ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት

ካምቢዮ ማንኛውም ነጂ በየደቂቃው በእጁና በእግሩ የሚያዝዘው፣ ነገር ግን በዓይኑ ዓይቶት የማያውቀው የመኪና ክፍል ነው። ጎማ ቢተነፍስ ይታያል፤ ሞተር ቢታመም ጢሱ ይናገራል፤ ካምቢዮ ግን በብረት ሣጥን ተሸፍኖ ስለሚኖር እስኪሰበር ድረስ የሚያስታውሰው የለም። በተሰበረ ጊዜ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይሮጥና «ፍታልኝ» ይላል። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ካምቢዮን መፍታት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም።

ሞተር በቂ ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ፍጥነት ሲሠራ ብቻ ነው። መኪና ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ጎማው በዝግታ፣ ነገር ግን በብርቱ ኃይል መዞር አለበት፤ በሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን የሚያስማሙት በካምቢዮ ውስጥ ያሉት ትናንሽና ትልልቅ ጥርሳም መዘውሮች ናቸው። ትንሹ ትልቁን ሲያዞር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጉልበት ግን ይጨምራል። ቀደም ባለው ዘመን የመዘውሮቹን ፍጥነት አመጣጥኖ ማርሽ ማስገባት የነጂው ብልሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና ይህን ሥራ በራሱ የሚፈጽም መሣሪያ ይዞ ወጣ። ዛሬ ይኸው መሣሪያ በአብዛኛው የናስ ቀለበት አለው። ናስ ከብረት ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ በቅድሚያ የሚያልቀው እርሱ ነው። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን እግረ መንገዳችንን ማስታወስ ይቻላል።)

የካምቢዮ ሕይወት ዘይቱ ነው። ሞተር ዘይት ያቃጥላል፤ ካምቢዮ ግን አያቃጥልም። ስለዚህ የካምቢዮ ዘይት ከጎደለ በአንድ በኩል እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ጨምሮበት ዝም ማለት አይበቃም፤ የሚያፈስበትን መፈለግ ይገባል። በብዙ መኪናዎች መጠኑ የሚታወቀው መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ በካምቢዮው ጎን ያለው ቡሎን ሲፈታ ነው፤ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ዘይቱን ለመለወጥ የሚነሣ ሰው የታችኛውን ማፍሰሻ ከመንካቱ በፊት የመሙያው ቡሎን የሚፈታ መሆኑን ያረጋግጥ። አለዚያ አሮጌውን አፍስሶ አዲሱን የሚያስገባበት ያጣል። ዘይቱ ሞቅ ሲል በደንብ ይፈስሳል። በማፍሰሻው ማግኔት ላይ አመድ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን የመፍታት ጊዜው ደርሷል።

የዘይቱ ዓይነትም እንዲሁ ቸል ሊባል አይገባም። በጣሳው ላይ ጂ ኤል 4 ወይም ጂ ኤል 5 የሚል ምልክት ይታያል። «አምስት ከአራት ይበልጣል» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይኖራል። ነገር ግን ጂ ኤል 5 በተለይ ለዲፈረንሲያል የታሰበ ነው፤ በውስጡ በብዛት የሚጨመረው የድኝ ቅመም በአንዳንዱ ዘይት ናሱን ሊበላው ይችላል። ፈራጁ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ እንጂ ነጋዴው አይደለም።

ከዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ጆሮ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ሳይገባ ድምፅ ቢሰማና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ቢጠፋ፣ የሚጠረጠረው በካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው። ድምፁ የሚመጣው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ ፍሪሲዮኑን ከሚገፋው ኩሽኔታ ነው። አንድ ማርሽ ብቻ እየተንጫጫ ቢገባ የዚያ ማርሽ ቀለበት አልቋል ማለት ይቻላል። ሁሉም ማርሾች፣ የኋላውም ጭምር፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ጥቂት ከተጠበቀ በኋላም ቢንጫጩ፣ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይወርድ በማስተካከል ብቻ ይድናል። እንዲህ ያለውን ሳይመረምር መፍቻ የሚያነሣ መካኒክ የባለቤቱን ገንዘብ ያባክናል። ካምቢዮው መውረዱ ግድ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑን ሸራና ኩሽኔታ ሳያዩ መልሶ መግጠም ለዚያው ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

የነጂው ጠባይም አለ። እጁን በማርሽ ዘንግ ላይ ጭኖ የሚነዳ ሰው ማርሹን የሚገፋውን ሹካ ሳያውቀው ይሞርደዋል። ከዚህ የከፋው ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መንደርደር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ያዘቀዝቃል። በዚያ ላይ ማርሽ ያወጣ ነጂ የመኪናውን ክብደት ሁሉ በፍሬን ላይ ይጥላል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉ ይከዳል። በዚያን ጊዜ ወደ ከባድ ማርሽ ልመለስ ቢል ጎማው የሚጠይቀው ፍጥነት ከቀለበቱ አቅም በላይ ስለሚሆን ማርሹ እምቢ ይላል። በጭነት መኪና ከሆነ አደጋው ለራሱ ብቻ አይሆንም። ለዚህ ድርጊት የሚሰጠው ምክንያት ነዳጅ መቆጠብ ነው። ይህም ቢሆን ለዘመኑ መኪናዎች አይሠራም፤ መኪናው በማርሽ ውስጥ ሆኖ ነጂው እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲያነሣ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚመራው ሞተር ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ በዜሮ ሲንደረደር ግን እንዳይጠፋ ጥቂትም ቢሆን ማቃጠል አለበት።