ለማያሸንፍ ሰውም ውድድር ያስፈልገዋል

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ካሸነፈ ወዲህ፣ ኢትዮጵያዊ በሩጫ መኩራትን ተክኖበታል። ሸዋ በዚህ ኩራት የተለየ ድርሻ አላት፤ አበበ የተወለደው በሸዋ ምድር ጃቶ በምትባል መንደር ነውና። ከኩራቱ ጋር ግን አንድ የማይጠቅም ልማድ አብሮ ሥር ሰደደ። ስፖርት የሚያሸንፍ ሰው ሥራ ነው፣ የቀረነው ተመልካች ነን ብለን ተቀመጥን። ደብረ ብርሃን ውስጥ አርባ ዓመት የሞላት መምህርት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የባንክ ገንዘብ ያዥ ልወዳደር ቢሉ፣ በእነሱ ልክ የተሰናዳ ውድድር ማግኘት ይቸግራቸዋል። ከተማዋ ለእነዚህ ሰዎች በየዓመቱ የሚካሄድ አጭር የሩጫና የሳይክል ውድድር ማቋቋም ይገባታል እላለሁ። መንገዱም ባህሉም አላት።

ሐሳቡ የሚመነጨው ትራያትሎን ከሚባለው ስፖርት ነው። ተወዳዳሪው ይዋኛል፣ ከውኃ ወጥቶ ሳይክል ይነዳል፣ ከሳይክል ወርዶ ይሮጣል፤ ሰዓቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ አይቆምም። ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ዓይነት 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክልና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ጥቂት ወራት በትጋት የተዘጋጀ ጤነኛ ሰው ይወጣዋል። ስፖርቱን የጀመሩትም ተራ ሰዎች ናቸው። መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ረቡዕ ምሽት፣ በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ አንድ የሩጫ ክለብ ባዘጋጀው ውድድር የተሰለፉት 46 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም፣ ያው ስፖርት ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። ኦሊምፒክ መግባቱን እዚህ ያነሳሁት ደብረ ብርሃንም ሜዳሊያ ታምጣ ለማለት አይደለም። ትልቅ ነገር በጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች እንደሚጀመር ግን ያስረዳልኛል።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ የዋናው ነው። ደብረ ብርሃን ሐይቅ የላትም፤ በሬሳ ወንዝም በክረምት ሞልቶ ሲደፈርስ ሰው የሚገባበት አይሆንም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ የሚጋግርበት ከተማ ውስጥ ሰውን ውኃ ግባ ማለትም አይቻልም። መልሱ ያለው በስፖርቱ ደንብ ውስጥ ነው። ውኃው ከ12 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ዋናው ይሰረዛል፤ በምትኩ ሩጫ፣ ሳይክል፣ እንደገና ሩጫ ይደረጋል። ዱዋትሎን የሚባለው ይህ ነው፤ አጭሩም 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክልና 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ሩጫ ነው። ሳይክል ለእኛ እንግዳ ነው የሚልም ካለ ይህን ያስታውስ፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የላከችው ሯጮችንና ሳይክል ጋላቢዎችን ነበር። ፅጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የሳይክል ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነገሩ ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው የሚል ነው። የደጋው ሰው ግን ተመልካች ሆኖ አያውቅም ነበር። የገና ዕለት መንደር ከመንደር ተከፍሎ፣ ባለ ርስቱም እረኛውም ዱላውን ይዞ ሩር ሲያሳድድ፣ ማንም ማንንም አሸናፊ ካልሆንክ አትጫወት አይልም ነበር። በዘመናችንም ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ያህል ሰው ነው የወጣው፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳና ይጎርፋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ሊያሸንፍ የሚመጣው እፍኝ የማይሞላ ነው። የቀረው የሚመጣው ከትናንት የተሻለ ሰውነት ይዞ ለመድረስ፣ ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረባው ጋር ላብ ለማፍሰስ ነው። የየሰፈሩ የጤና ቡድኖችም የሚኖሩት በዚሁ መንፈስ ነው። ቀን የተቆረጠለት ውድድር ደግሞ ለዚህ ፍላጎት ማሰሪያ ይሆነዋል፤ ሰው ነገ እጀምራለሁ የሚለውን ትቶ ዛሬ ጫማውን እንዲያስር ያደርገዋል።

ሦስተኛው ስጋት የአደጋ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ እዚያ የሚተነፈስ አየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። የለመደው የከተማው ሰው ቢቋቋመውም፣ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ግን መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ከወጣ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ለጀማሪ የሚጠቅመው ልኬት ቀላል ነው፤ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንስ። ከሳይክል ሲወርድ ደግሞ ጭኑ ድንጋይ ሆኖ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሳይደነግጥ እርምጃውን ቢያሳጥር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈታል። ትልቁ አደጋ መንገዱ ነው። የደሴው አውራ ጎዳና የሲኖትራክ መንገድ ስለሆነ ውድድር አይታሰብበትም። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግን ደጋውን ሳይለቁ 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ትራፊክ ፖሊስ ለሁለት ሰዓት ቢዘጋው ይበቃል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ለሳይክል አይሆንም፤ ፍሬኑ ያልተፈተሸ ሳይክል እዚያ ሰው ይገድላል። ለአንኮበር የሚስማማው ራሱን የቻለ የዳገት ሩጫና የእግር ጉዞ ነው።

ሳይክሉን ከየት ያመጣል? ይህ የድሃ ሰው እውነተኛ ጥያቄ ነው። መፍትሔው ውድድሩን በቡድን ማድረግ ነው፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሁለተኛው ይነዳል፣ ሦስተኛው ሮጦ ይጨርሳል፤ ለሦስት ሰው አንድ ሳይክል ይበቃል። ማርሽ የሌለውን ተራ ሳይክል የያዘም ከመሰሉ ጋር ይመደብ። ለሴቶች ለብቻቸው መነሻ ይሰጣቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ለሴቶች ብቻ የሚካሄደው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ቦታ ከተሰጣቸው እንደሚመጡ ደጋግሞ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሰላም ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በግጭት ውስጥ እየማቀቀ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ ተፈናቃይ እያለ፣ ሩጫ ማሰብ ልብ ማጣት አይመስልም ወይ? ጥያቄውን የሚያነሳ ሰው ወገኑን የሚወድ ሰው ነው። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ማንም ሰው ወደ አደጋ አይጠራ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው በፍርሃት በየቤቱ ሲዘጋ፣ ከመንደሩ የተነቀለ ወጣት ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲውል፣ የሚጎዳው ሰውነቱ ብቻ አይደለም። ዝግጅቱ ከከተማው ሳይወጣ፣ በዩኒቨርሲቲውና በትምህርት ቤት ሜዳዎች ሊጀመር ይችላል፤ ተፈናቃዩም ያለ ክፍያ ይመዝገብ። አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ሄዶ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። የሁለት ኦሊምፒክ ማራቶን ባለ ድል በማያውቀው ስፖርት እንደ ማንኛውም ጀማሪ ተሰለፈ። መከራ ለውድድር ጊዜ እንደማይተው ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

የከተማው አስተዳደር፣ ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ ተቀምጠው ይነጋገሩ። መንገዱ ሲፈቅድ በጥቅምት አንድ እሁድ ይመረጥ፤ መነሻው ከቅዳሴ በኋላ ረፋድ 4 ሰዓት ይሁን፤ ውርጩም ይቀልጣል፣ ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። የመጀመሪያው ዓመት ሃምሳ ሰው ቢመጣ አይነስባቸው። ስኬቱንም በአሸናፊው ሰዓት አይለኩት፤ መጨረሻ የገባው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱን አስከትሎ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ።