ሳፋው አይደለም ጥፋቱ

ለኤሊ ጫጩት ከመርካቶ የተገዛ ሳፋና ጥቂት ውሃ ይበቃታል፤ ሰውነቷም በማደሪያዋ ልክ ይወሰናል የሚል ምክር ታትሞ አነበብኩ። ስህተት ነው፤ ያውም እንስሳዋን ቀስ አድርጎ የሚገድል። በጠባብ ዕቃ የቀጨጨች ኤሊ ታማለች እንጂ ልኳን አላገኘችም። በብዙ አገሮች በየቤቱ የምትረባው፣ ጆሮ ግንዷ ቀይ የሆነው የአሜሪካ የውሃ ኤሊ ስታድግ ድንጋይ ልብሷ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ከሳፋው ጋር ጠብ የለኝም። ሰፊ ይሁን እንጂ፣ ከምናለሽ ተራ የተገዛ ግማሽ በርሜልም ከውድ የመስታወት ገንዳ አያንስም (ኬሚካል ያልነካው መሆኑን ግን ሻጩን አፋጡት)። ጸሐፊው የረሱት የአዲስ አበባን ሌሊት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኝ ከተማ ያልሞቀ ውሃ እስኪነጋ ይቀዘቅዛል፤ ጫጩቷ የምትፈልገው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ከበረዳት አትበላም፤ ብትበላም አይፈጭላትም። ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ ወጥታ የምትደርቅበት ድንጋይ፣ ከድንጋዩም በላይ አምፖል የግድ ነው።

ፀሐይ በመስኮት ይገባል መባሉም አያዋጣም፤ አጥንቷን የሚያጠነክረውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ደጅ አውጧት፣ ጥላም አብጁላት።

ዕቃውን ወጥ ቤት ማጠብስ? አይሆንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት ከኤሊዎች በተላለፈባቸው ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ ስለታመሙ ነው።