ይግባኝ የሌለው እገዳ

አንድን ሰው ከጓደኛው፣ ከማኅበሩና ከስብሰባው የሚለይ ትእዛዝ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ደካማውን ከጥቃት ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ግን የተደራጀውን ይበትናል። ሁለቱ የሚለዩት የታገደው ሰው ምክንያቱን አውቆ ይግባኝ ለማለት በመቻሉና ባለመቻሉ ነው። ለዚህም የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ዘመን ዓይነተኛ ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 ኮሚኒዝምን ለማፈን በሚል የወጣው ሕግ፣ ያለ ክስና ያለ ምስክር ሰውን ከማኅበርና ከስብሰባ የማገድ ሥልጣን ለፍትሕ ሚኒስትሩ ሰጠ። በ1952 የልብስ ስፌት ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሶሊ ሳክስ ማኅበሩን እንዲለቁና በስብሰባ እንዳይገኙ ታዘዙ። ትእዛዙን ጥሰው በጆሃንስበርግ ለሠራተኞች ንግግር በማድረጋቸው ተፈረደባቸው። ይግባኝ ቢሉም የበላዩ ፍርድ ቤት የእስራት ቅጣቱን በገደብ ከማቆየት በቀር ጥፋተኝነታቸውን አጸና።

በዚያው ሕግ የታገዱት ጆንሰን ንግዌቬላ ያቀረቡት ይግባኝ ግን ሌላ ውጤት አስገኘ። ፍርድ ቤቱ፣ ሚኒስትሩ እገዳውን ከማውጣታቸው በፊት የሰውየውን መከራከሪያ መስማት ነበረባቸው ሲል ፍርዱን ሻረ። የገዢው ክፍል መልስ ፈጣን ነበር። አባላቱ ነጮች ብቻ የሆኑበት ምክር ቤት በ1954 ሕጉን አሻሽሎ፣ ሚኒስትሩ ማንንም ሳይሰሙ እንዲያግዱ ፈቀደ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ እገዳው እየከበደ ሄደ። በ1973 የታገዱት ስቲቭ ቢኮ ከኪንግ ዊሊያምስ ታውን እንዳይወጡ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ እንዳያነጋግሩ፣ ቃላቸውም እንዳይጠቀስ ተደረገ። በ1977 እገዳውን ጥሰው ሲጓዙ ተይዘው፣ በፖሊስ እጅ እንዳሉ ሞቱ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ይግባኝ ሰሚው የከፈተውን በር ሕግ አውጪው ሊዘጋው የቻለው አብዛኛው ሕዝብ ሕግ በማውጣት ረገድ ድምፅ ስላልነበረው ነው። ሕዝቡ ድምፁን ካገኘ በኋላ የጸደቀው የ1996 ሕገ መንግሥት፣ የመደራጀት ነጻነትንና የተከሳሽን የይግባኝ መብት ለሁሉም አረጋገጠ። በወጣትነታቸው የታገዱት የሶሊ ሳክስ ልጅ አልቢ ሳክስም በ1994 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ።

በመሆኑም የማኅበር አባላትና ሠራተኞች የእገዳ ትእዛዝ በወጣ ቁጥር ማን አወጣው፣ በምን ምክንያት፣ ይግባኙስ ለማን ይቀርባል ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። መልስ የሌለው እገዳ ዛሬ በአንዱ ቢወርድ ነገ በማኅበሩ ሁሉ ላይ መውረዱ አይቀርም።