ትዕዛዙ ከመፍጠኑ በፊት ቆጠራው ይታመን

ዕቃ ሊያልቅ ሲል አውቆ የግዢ ትዕዛዝ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ለአገራችን መሥሪያ ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ የንግድ ድርጅቶች ለሒሳብ ሥራ በሚጠቀሙበት ፒችትሪ ውስጥ እንኳ በእያንዳንዱ ዕቃ መዝገብ ላይ ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ። በአንደኛው ክምችቱ ከዚህ በታች እንዳይወርድ የሚባልበት ቁጥር ይሞላል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሲወርድ ምን ያህል እንደሚታዘዝ። ሁለቱን መሙላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። እኔ የምከራከረው ግን እነዚህን ቁጥሮች መሙላት የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው መሆን አለበት ብዬ ነው። ትዕዛዝ ማዘጋጀትን ለኮምፒዩተር መስጠት ተገቢ ነው፤ እደግፈዋለሁም። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር በማይገጥምበት መጋዘን ውስጥ አውቶማቲክ ትዕዛዝ ቢከፈት ጉድለቱ አይዘጋም፤ እንዲያውም ማንም ልብ ሳይለው ይቀጥላል።

ስሌቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ዕቃው በቀን በአማካይ ስንት እንደሚወጣ ከታወቀ፣ ከታዘዘበት ቀን አንስቶ መጋዘን እስኪገባ ስንት ቀን እንደሚፈጅም ከታወቀ፣ ሁለቱ ይባዙና መጠባበቂያ ይጨመርባቸዋል። በቀን 20 እሽግ የሚወጣና ለመድረስ 30 ቀን የሚፈጅ ዕቃ መጠባበቂያው 200 እሽግ ቢሆን፣ ክምችቱ 800 ላይ ሲደርስ ይታዘዛል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ የሚያሳየውን ቀመር ደግሞ አሜሪካዊው ፎርድ ሐሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሞታል፤ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ። ሶፍትዌሩ የጨመረው ፍጥነትን ነው፤ የሺህ ዕቃዎችን ሒሳብ በየቀኑ ሳይሰለች ይሠራል። የሚያባዛቸውና የሚደምራቸው ቁጥሮች እውነት ይሁኑ ሐሰት ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው በመድኃኒት አቅርቦት ላይ ነው። በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከፍተኛው ክምችታቸው የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር ፍጆታ እንዲሆን ተወስኗል። ክምችቱ ወደ ግማሽ ወር ፍጆታ ከወረደ የአስቸኳይ ጥያቄ ይቀርባል። ለጤና ኬላ ደግሞ ከፍተኛው የሁለት ወር፣ ዝቅተኛው የአንድ ወር ነው። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ይልካል። ቅጹ ላይ በእጅ ያለው፣ የገባው፣ የባከነውና የቀረው ተሞልቶ ፍጆታው ይሰላል፤ ፍጆታው በሁለት ተባዝቶ ቀሪው ሲቀነስለት የሚታዘዘው መጠን ይገኛል። ሲታይ ይህ ቅጽ በወረቀት የተሠራ አውቶማቲክ ትዕዛዝ ነው። እንደ ዳጉ ያሉ ሶፍትዌሮች ስሌቱን ከባለሙያው ትከሻ ላይ አንሥተውለታል። ስለዚህ ጥያቄው ማሽን ያዝዝልን ወይስ ሰው የሚል አይደለም። ማሽኑ የሚያነበው የቢን ካርድ፣ ማለትም ከዕቃው ጋር መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው የገቢና ወጪ ካርድ፣ ቁጥሩ ምን ያህል የታመነ ነው የሚለው ነው።

አንዱ አደገኛ ስሕተት መድኃኒቱ ያልነበረበትን ቀን መድኃኒቱ ያልተፈለገበት ቀን አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በ60 ቀን ውስጥ 600 እሽግ አወጣ እንበል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ የቀን ፍጆታው 10 ነው። ነገር ግን ከ60ዎቹ ቀናት በ30ዎቹ መደርደሪያው ባዶ ከነበረ እውነተኛው ፍላጎት በቀን 20 ነው። ያልታረመው ስሌት ለአራት ወር ብሎ 1,200 እሽግ እንዲኖር ያደርጋል፤ ይህ ግን የሚበቃው ለሁለት ወር ነው። የሚቀጥለው ሪፖርት ተሞልቶ፣ ትዕዛዙ ተልኮ፣ ዕቃው ተጭኖ እስኪመጣ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ይሆናል፤ እናቶችም ከመስኮቱ ሥር «የለም» ተብለው ይመለሳሉ። የወረቀቱ ቅጽ ዕቃው ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ ያለው ለዚህ ነው። ዓምዱ ባዶ ከተተወ ወይም ሶፍትዌሩ እሱን እንዲያነብ ካልተደረገ፣ የትናንቱ እጥረት ለነገው እጥረት መሠረት ይሆናል፤ ሪፖርቱ ግን ንጹሕና የተሟላ መስሎ ይታያል።

የወባ መድኃኒት ሌላውን ችግር ያሳያል። በአገራችን ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በተለምዶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ትዕዛዝ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር የሐምሌንና የነሐሴን ፍጆታ ብቻ አይቶ ከወሰነ፣ ወቅቱ ሲገባ የሚያስፈልገውን ሳይሆን ዝቅተኛውን መጠን ያዛል። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ደግሞ እንደ ሕመምተኛው ክብደት ባለ 6፣ ባለ 12፣ ባለ 18 እና ባለ 24 እንክብል ሆኖ ይታሸጋል። አንዱ ክፍል በእንክብል፣ ሌላው በእሽግ ከመዘገበ መዝገቡ ሃያ አራት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከቢን ካርዱ ላይ ሳይቀነስ ጥግ ላይ ከተቀመጠም ለኮምፒዩተሩ «አለ» ነው፤ አለ የተባለው እስኪቀነስ ድረስ አዲስ አይታዘዝም። እነዚህ ሁሉ የሚታረሙት በመጋዘኑ ውስጥ ካርዱን ከሣጥኑ ጋር በሚያመሳክር ሰው እጅ ነው።

መዝገብና መደርደሪያ አለመግጠማቸው የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ኒኮል ዴሆራቲየስና አናንት ራማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ 37 መደብሮችን ወደ 370,000 የሚጠጉ የክምችት መዝገቦች መርምረው 65 ከመቶው የተሳሳቱ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ባርኮድና የተራቀቀ ሥርዓት ባለበት ይህ ከሆነ፣ በእጅ በሚጻፍ ሞዴል 19 ገቢ በሚደረግበትና በሞዴል 22 ወጪ በሚደረግበት መጋዘን ውስጥ ቁጥሩ ያለ ቆጠራ ትክክል ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከዚህ የባሰውን የታርጌት ኩባንያ የካናዳ ታሪክ ያሳያል። የአሜሪካው ቸርቻሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ካናዳ ገብቶ በአጭር ጊዜ 133 መደብሮች ከፈተ፤ በጥር 2015 ግን ሁሉንም እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ 17,600 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። የውድቀቱ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ወደ አዲሱ ሥርዓት በጥድፊያ የገባው መረጃ በስሕተት የተሞላ ነበር፤ የዕቃዎች መጠን በሴንቲ ሜትር መግባት ሲገባው በኢንች ይገባ ነበር። መጋዘኖቹ ሞልተው ሳለ የመደብሮቹ መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ። ከሁሉም በላይ ትምህርት ያለው ግን ሠራተኞቹ ያደረጉት ነገር ነው። አንዳንድ ተንታኞች የሚመዘኑት በእጃቸው ካሉት ዕቃዎች ስንት ከመቶው መደብር ውስጥ እንደሚገኝ ታይቶ ስለነበር፣ ያለቀውን ዕቃ አውቶማቲክ መተኪያ ሆን ብለው ያጠፉት ነበር። መተኪያው ከጠፋ ዕቃው አልቋል ተብሎ አይመዘገብባቸውም። ውጤታቸው አማረ፤ ደንበኛው ግን ባዶ መደርደሪያ ጠበቀው።

ይህን የማነሣው ተመሳሳይ ፈተና በእኛም ዘንድ ስላለ ነው። ንብረት ኃላፊ ለጎደለው ዕቃ በግሉ ተጠያቂ ነው። ተጠያቂነቱ ተገቢ ነው፤ ንብረቱ የሕዝብ ነውና። ይሁን እንጂ በአሥር እሽግ የተሳሳተን ሰው ከሰረቀው ለይቶ የማያይ አሠራር፣ ኃላፊውን ልዩነቱን ከመመዝገብ ይልቅ ካርዱን ወደ ማስማማት ይገፋዋል። ከመጋዘኑ በላይም ሌላ ግፊት አለ። ከጠየቀው ሁሉ ግማሹ ብቻ እንደሚሰጠው የለመደ ተቋም በሚቀጥለው ዙር እጥፍ አድርጎ ይጠይቃል። አቅራቢው ደግሞ እጥፉን እውነተኛ ፍላጎት አድርጎ ካመነው አንዱ ዘንድ ይትረፈረፋል፤ ሌላው ዘንድ ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ ላይ የተተከለ ሶፍትዌር የተጋነነውን በተጋነነው ላይ ይጨምራል።

ስለዚህ አውቶማቲክ ትዕዛዝ ለመጋዘኑ በሙሉ በአንድ ቀን መከፈት የለበትም። ለእያንዳንዱ ዕቃ በየተራ፣ ቆጠራው ሲታመን ብቻ ይከፈት። ለምሳሌ ሦስት ተከታታይ ወራት በአካል ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር የገጠመ፣ መለኪያው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ያልነበረባቸው ቀናት የተመዘገቡለት ዕቃ ወደ አውቶማቲክ ይግባ፤ ሌላው በሰው እጅ ይቆይ። ዓመታዊ ቆጠራ ለዚህ አይበቃም። ሰኔ መጨረሻ ላይ መጋዘን ዘግቶ ሁሉንም ከመቁጠር፣ ብዙ የሚወጡትንና ሕይወት የሚያድኑትን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቆጠሩ መሄድ ይሻላል፤ ስሕተቱ ምን ላይ እንደተፈጠረ የሚታወሰው ያኔ ነውና። ለዚህ ግን ሰው ያስፈልጋል፣ በጀትም ያስፈልጋል። ለኮምፒዩተርና ለፈቃድ ክፍያ ገንዘብ ሲመደብ ለቆጠራና ለመጋዘን ሠራተኛ ሥልጠና አብሮ ካልተመደበ ግዢው ጎዶሎ ነው።

«አገሪቱ ውስጥ መድኃኒቱ ከሌለ፣ የውጭ ምንዛሪም ካነሰ፣ የሚያምር ትዕዛዝ ማዘጋጀት ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሶፍትዌር መድኃኒት አያመርትም። ነገር ግን ትክክለኛ ቁጥር ይበልጥ የሚያስፈልገው እጥረት ሲኖር ነው። ያለው ትንሽ ከሆነ ማን ዘንድ ይሂድ የሚለው ውሳኔ የሚወሰነው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ አጋኖ የጠየቀው ያገኛል፤ እውነቱን የጻፈው ያጣል። አንዱ ጤና ጣቢያ የስምንት ወር ክምችት ይዞ ጎረቤቱ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ መድኃኒቱን ማዘዋወር የሚቻለውም ትርፉ በመዝገብ ላይ በእውነት ከታየ ነው።

መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገር ይህ አይሠራም የሚሉም አሉ። መቋረጡ እውነት ነው። ሆኖም ስሌቱ በየሰከንዱ መሠራት የለበትም፤ ትዕዛዙ የየሳምንት ወይም የየወር ከሆነ መረጃን በኮምፒዩተሩ ላይ አቆይቶ መስመር ሲመለስ የሚልክ ሥርዓት ይበቃል። ቢን ካርዱም ከመደርደሪያው ላይ መነሣት የለበትም። ዕቃ ለሚያወጣው ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፤ ማያ ገጹ ቢጨልምም ካርዱ ይነበባል።

ከሁሉም የማከብረው ተቃውሞ የባለሙያው ነው። የፋርማሲ ባለሙያ በአካባቢው ዝናብ መዘግየቱን፣ አዲስ ሐኪም መመደቡን፣ የገበያ ቀን መቀየሩን ያውቃል፤ ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻው ፊርማ ከእሱ እጅ መውጣት የለበትም። ሶፍትዌሩ መጠኑን ያቅርብ፤ ባለሙያው ይጨምር ወይም ይቀንስ፤ ሲለውጥ ግን ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ። ያለ ምክንያት የሚጸድቅ ትዕዛዝም፣ ያለ ምክንያት የሚቀየር ትዕዛዝም ሥርዓቱን ያበላሻል። ከስድስት ወር በኋላ እነዚያ መስመሮች አንድ ላይ ተሰብስበው ሲነበቡ የትኛው ዕቃ መጠባበቂያው እንዳነሰ፣ የትኛው አቅራቢ ከተባለው ቀን እንደሚዘገይ ይታያል። በነሐሴ «ወባ ሊገባ ነው» ብሎ ባለሙያው ያሳደገው ትዕዛዝ ትክክል ሆኖ ከተገኘ፣ የዚያ ዕቃ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን ለሚቀጥለው መስከረም በሶፍትዌሩ ውስጥ አስቀድሞ ይስተካከላል።